ጋሼ ዘለቀና የባቡር ጣቢያው ዜማ

የጋሼ ዘለቀን ሞት የነገሩኝ ባለቤታቸው እትየ ይታይሽ ናቸው። ቡሬ፣ መምህራን ክፍል ተቀምጬ ፈተና እያረምኩ ነበር ስልኬ የጮኸው። ድምፃቸው አልቅሶ የጨረሰ ሰው ድምፅ ነበር።

«መሠረት ልጄ፣ ዘለቀ ዐረፈ። ከቀበርነው ሳምንት ሆነን። እኔ ልነግርሽ ነበር፤ እሱ ነው ‹ለቀብሬ አትጥሯት› ያለኝ። ለአርባየ ግን ትምጣ ብሏል። የምነግርሽ አለኝ፤ በስልክ የሚሆን አይደለም።»

«እግዜር ያጽናዎት» አልኩ። ስልኩን ዘግቼ እርማቴን ቀጠልኩ። በማግስቱ ወረቀቶቹን ሳይ ትክክል የመለሱ ሦስት ልጆችን ስህተት ብያቸው ኖሯል።

እሳቸውን በልቤ ይዤ ስኖር ዐሥራ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። ስለሳቸው ለሰው ተናግሬ አላውቅም። አንዳንዴ ሰው ስለ ጥሩ አስተማሪ ሲያወራ እሳቸው ትዝ ይሉኛል፤ ሰው ስለ ከሃዲ ሲያወራም እንዲሁ።

ፍኖተ ሰላም የገባሁት የድንበሩ ጦርነት ባለቀ በዓመቱ፣ ሃያ ሦስት ዓመቴ ላይ ነው። የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፤ በከተማው የማውቀው ሰው አልነበረም። ጋሼ ዘለቀ የተመደብኩበት ትምህርት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን በሐሩርም ቢሆን እስከ ላይኛው ቁልፍ የሚቆልፉ ሰው። በቀድሞው ጦር ውስጥ የባንድ ሙዚቀኛ፣ ክላርኔት ነፊ ነበሩ። ጦሩ ሲበተን ከሰሜን እስከ ጎጃም በእግራቸው ነው የመጡት። የመንገዱን ነገር እሳቸው አያነሱትም፤ እትየ ይታይሽ ናቸው የሚያወሩት።

«ጫማውን በዳቦ ለውጦ፣ እግሩ ቆስሎ፣ ያችን እንጨት በከረጢት ጠቅልሎ ታቅፎ መጣ» ይላሉ። «ስድስት ዓመት ጠብቄው፣ እኔን ከማቀፉ በፊት እሷን አልጋ ላይ አስተኛት።» ይህን ሲሉ ይስቃሉ፤ ጋሼ ዘለቀ ግን አይስቁም፤ ክላርኔቷ እንዳትሰማ የፈሩ ይመስል ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞራሉ።

ከሁሉ የሚገርመው ጆሯቸው ነበር። አንዴ የሰሙት አይጠፋቸውም። ርዕሰ መምህሩ በዓመቱ መጀመሪያ ያደረገውን ንግግር በግንቦት ከነሳሉ ይደግሙታል። ልጆቻቸውን ሊያስመዘግቡ መጥተው በተራ የተጣሉ ሁለት ገበሬዎችን ጭቅጭቅ፣ የአንዱን መንተባተብ ሳይቀር፣ ከምሳ በኋላ አሰምተውን አንጀታችን እስኪቆስል ስቀናል። «እኔ ደብተር የለኝም። ጆሮየ ነው መዝገብ ቤቴ» ይሉ ነበር።

በዚያን ጊዜ መናኸሪያው አጠገብ በነበረው ቪዲዮ ቤት አንድ የህንድ ፊልም ይታይ ነበር። ትክክለኛ ስሙን ማንም አይጠራውም፤ «የባቡር ጣቢያው» እንለው ነበር። አንድ ሰው በየቀኑ ጣቢያ ወጥቶ የሚጠብቀው ሰው ሳይመጣ ይመለሳል። ባቡሩ በመጣ ቁጥር አንድ ዜማ አለ፣ በዋሽንት የሚነፋ። ባቡር አይቶ የማያውቀው የከተማው ሕዝብ ሁሉ፣ ከጋሪ ነጂ እስከ በርበሬ ነጋዴ፣ ያችን ዜማ ያፏጭ ነበር።

ወንድሜ ስንታየሁም ያፏጫት ነበር፣ ደብረ ታቦር እያለን። የፊት ጥርሱ መሃል ክፍተት ነበረው፤ ፉጨቱ በዚያ በኩል ሲወጣ ከዋሽንቱ ይበልጣል። ወደ ግንባር ሲሄድ ከመኪናው ላይ ሆኖ ያፏጨው እሷኑ ነው። አልተመለሰም።

ጋሼ ዘለቀን በደንብ ያወቅኳቸው በእሷ ምክንያት ነው። አንድ ቀን ከሰዓት የተማሪ ፋይል ፈልጌ ወደ መዝገብ ቤት ስሄድ ዜማዋን ከውስጥ ሰማሁ። በፉጨት አይደለም፤ በወፍራም፣ ሞቅ ባለ፣ ከደረት በሚወጣ ድምፅ። በሩን ይዤ ቆምኩ። ጋሼ ዘለቀ እንደ ወታደር ተረከዛቸውን ገጥመው፣ ባርኔጣቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ይነፉ ነበር። ሲያዩኝ አቆሙ።

«ፊልሙን አይተውታል?» አልኳቸው።

«አላየሁትም። ከግድግዳው ውጭ ቆሜ ነው የሰማሁት። ሥዕሉ ለሌላ ሰው ይሁን።» ከዚያ ፊቴን አዩት። «ምን ሆንሽ አንቺ?»

«ያስተምሩኛል?»

ክላርኔቷን በመሐረብ ጠረጉ። «ሴት ልጅ ክላርኔት ስትነፋ አላየሁም።»

«አይሆንም ማለትዎ ነው?»

«አላየሁም ነው ያልኩሽ። ያላየሁት ብዙ ነገር አለ።»

ትምህርቱ የተጀመረው መዝገብ ቤት ውስጥ ነው፤ ግን ወሬ ሳይነሳ እትየ ይታይሽ ቀደሙ። «ሰው አፍ አለው። ኸኔ ግቢ መጥታ ትንፋ፣ ሁሉም እያያት» አሉ። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሥራ መልስ፣ ግቢያቸው ውስጥ ማንጎው ሥር መማር ጀመርኩ። ጊዜው በርበሬ የሚሰጣበት ነበር። ቀዩ በርበሬ በጆንያ ላይ ተዘርግቶ፣ ትንፋሽ ስስብ ሽታው ጉሮሮየን ይይዘኝና ከመንፋት ይልቅ ሳል ይበዛል።

የመጀመሪያው ድምፄ ለዜማ አይመችም፤ እንደ ዕድር ጥሩንባ ያለ ነገር ነበር። ከጎረቤት አንዲት ባልቴት ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ሮጠው መጡና «ኧረ ማነው የሞተ?» አሉ። እትየ ይታይሽ መሬት ላይ ተቀምጠው ሳቁ። ጋሼ ዘለቀ ግን ባልቴቲቱን በአክብሮት በር ድረስ ሸኝተው ሲመለሱ፣ «ጥሩ ነው። በመጀመሪያው ቀን ያንቺ ድምፅ ቅያስ መንገድ ተሻግሯል» አሉኝ።

ክላርኔቷ አሮጌ ነበረች። ሁለቱ ቁልፎቿ በላስቲክ የታሰሩ ናቸው። አፏ ላይ የምትታሰረውን ስስ ሸምበቆ ከሱቅ ማግኘት ስለማይቻል፣ ጋሼ ዘለቀ ቅዳሜ ቅዳሜ ላህ ወንዝ ወርደው ሸምበቆ ይቆርጡና በምላጭ ይልጉታል። ወደ ፀሐይ ያነሱታል፣ ያዩታል፣ እንደገና ይልጉታል። ከዐሥሩ አንዱ ነው የሚሆነው።

«ትንፋሽ አትሰስቺ» ይሉኛል። «ትንፋሽ የሰሰተ ሰው ዜማው ይታነቃል።» ስቸኩል ደግሞ፦ «ወዴት ነው? ዜማው አንቺን ጥሎ አይሄድም።» አንዴ በከንፈሬ ብቻ ስታገል አስቆሙኝና ሆዴን እየጠቆሙ፣ «ኸዚህ ነው የሚነፋ። ባፍ የሚነፋ ወሬ ነው» አሉኝ። ይህን አባባላቸውን ለተማሪዎቼ ስደግመው ኖሬ ነበር፤ በኋላ ተውኩት።

አምስት ወር ፈጀብኝ። የዜማዋ መካከል ላይ ድምፁ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ የሚዘልበት ቦታ አለ፣ ፊልሙ ላይ ባቡሩ የሚቆምበት። እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ ሲጥ ይልብኛል። ጋሼ ዘለቀ አንድም ቀን አልተቆጡኝም። ክላርኔቷን ይቀበሉኝና፣ አፏን ይጠርጉና፣ ያንኑ ቦታ ቀስ አድርገው ይነፉልኛል፤ ይመልሱልኛል። አባቴ እንኳን እንደዚያ አልታገሠኝም።

ሙሉዋን ሳልሳሳት የነፋሁት አንድ ቅዳሜ ጧት፣ ሸምበቆ ልንቆርጥ ላህ ወርደን ነው። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ያ መዝለያ ቦታ ላይ ስደርስ ድምፁ ወጣ፣ አልተሰበረም፣ ሄደ። ስጨርስ ክላርኔቷን ከአፌ አወረድኩ። ጋሼ ዘለቀ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙት።

«አሁን የማነው ዜማው? ንገሪኝ» አሉ።

ነገርኳቸው። ስለ ስንታየሁ፣ ስለ ጥርሱ፣ ስለ መኪናው። ድንበሩ ተወሰነ የተባለበት ሰሞን ነበርና ሆዴ ብሶ ነበር። እንዲህ አልኩ፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፣ ምክንያቱም በኋላ እንደገና ሰምቼዋለሁ፦ «ወንድሜ ለድንጋይ ነው የሞተ። ድንጋዩም የእኛ አልሆነም። አባቴን ልጅህ ሞቷል ሳይሉት፣ ለድሉ ሰልፍ ውጣና ጨፍር አሉት። እሱም ጨፈረ፣ ጋሼ። ልጁ ሞቶ ጨፈረ።»

አለቀስኩ። እሳቸውም ዓይናቸውን ጠረጉ። «አልቅሺ ልጄ። እዚህ ከኔና ከወንዙ በቀር የሚሰማሽ የለም» አሉኝ።

ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት ገደማ አልፎ ጋሼ ዘለቀ በሥራ ሰዓት ተጠርተው ወደ ወረዳው አንድ ቢሮ ሄዱ። ሲመለሱ በር ላይ አገኘኋቸው። ፊታቸው ተለዋውጧል፤ ሰላምታየን እንኳ አልመለሱም። «ዛሬ ትምህርት የለም» አሉኝ። በማግስቱም አልነበረም፤ በሳምንቱም። እትየ ይታይሽን ብጠይቅ «አሞት ይሆናል፤ አይናገርም» አሉኝ።

ከዚያ ግምገማው መጣ። ሦስት ቀን፣ አንድ ክፍል ውስጥ፣ መምህሩም የአስተዳደር ሠራተኛውም ተሰብስቦ። ከላይ የተላከ ሰብሳቢ ፊት ተቀምጧል፤ እያንዳንዱ ሰው ይነሳል፣ ራሱን ይሂሳል፣ ከዚያ ሌሎች ይሂሱታል። ጋሼ ዘለቀ በእንዲህ ያለ ስብሰባ ሁልጊዜ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ቃል ሳይተነፍሱ የሚወጡ ሰው ነበሩ። የድሮ ወታደር ናቸው፤ ማንም አስተያየታቸውን አይጠይቅም።

በሁለተኛው ቀን ተራየ ደረሰ። አርፍጄ መጥቼ እንደማውቅ፣ ዕቅድ ዘግይቼ ማስገባቴን ተናግሬ ልቀመጥ ስል ሰብሳቢው «በመምህርት መሠረት ላይ ሌላ አስተያየት ያለው?» አለ።

ጋሼ ዘለቀ እጃቸውን አወጡ።

ሁሉም ዞሮ አያቸው። እኔ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ሊያመሰግኑኝ መሰለኝ። ፈገግ ብየ ነበር።

ተነሱ። ተረከዛቸውን ገጠሙ። «ጓድ ሰብሳቢ» ብለው ጀመሩ፣ ቶሎ ደግሞ «አቶ ሰብሳቢ» ብለው አረሙት። «መምህርቷ እንዲህ ብላለች፦ ወንድሜ ለድንጋይ ነው የሞተ። ድንጋዩም የእኛ አልሆነም።» ቀጠሉ። አንድ ቃል አልጨመሩም፣ አንድ ቃል አልቀነሱም። እኔ ትንፋሽ አጥሮኝ ያቆምኩበት ቦታ ላይ እሳቸውም አቆሙ። «እሱም ጨፈረ» የሚለው ላይ ድምፄ ተሰብሮ ነበር፤ የእሳቸውም ተሰበረ። የራሴን ልቅሶ ከሌላ ሰው አፍ እየሰማሁ ቆምኩ።

«ብለሻል አላልሽም?» አለ ሰብሳቢው።

አላልኩም ብል ማን ያምነኛል? ቃሉ ከነትንፋሹ የኔ ነው።

«ብያለሁ» አልኩ።

ትምክህተኛ ተባልኩ። የሰማዕታትን ደም የምታራክስ ተባልኩ። ክረምት ላይ ዲግሪየን እንድጀምር የተሰጠኝ ዕድል ለሌላ ሰው ተላለፈ። የዝውውር ደብዳቤየም ቶሎ ተጻፈ፦ ከቡሬ ወዲያ፣ መኪና ከሚያወርድበት አራት ሰዓት በእግር፣ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ቀበሌ።

ከመሄዴ በፊት የትምህርት መዝጊያ በዓል ነበር። መቅረት «አኩርፋለች» ስለሚያሰኝ ሄድኩ። ጋሼ ዘለቀ አዲስ ካልሲና የተወለወለ ጫማ አድርገው፣ የተማሪዎችን የኪነት ክበብ ከኋላቸው አሰልፈው ወጡ። ክላርኔቷን አነሱ፣ የባቡር ጣቢያውን ዜማ ነፉ። ሕዝቡ ወዲያው አወቀውና አጨበጨበ። እንግዶቹ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው በእግራቸው ምት ይመቱ ነበር። ያ መዝለያ ቦታ ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ አላዩም። እንደዚያ አምረው ነፍተው አያውቁም። ተነስቼ ወጣሁ፤ አሸኛኘት ያደረገልኝ ሰው የለም።

በረሃው አፋፍ ላይ አራት ዓመት ኖርኩ። ወባ ሁለቴ ጥሎኛል። የደብዳቤው ወሬ ከደረሰበት በኋላ ሊያገባኝ የነበረው ሰው ሌላ አገባ። እነዚህን ሁሉ ልቋቋም የቻልኩት አንድ ነገር በልቤ ስላስቀመጥኩ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ስሄድ እንዲህ ብለውኝ ነበር፦ «ምን ያርጉ ብለሽ ነው? ክላርኔቱ የጦሩ ንብረት ነው፤ አስረክቡ እንላለን፣ ከሥራም እናባርራለን ብለው አስፈራርተዋቸዋል። የተጠሩት ለዚያ ነው።» ፊታቸው ተለዋውጦ ሲመለሱ በዓይኔ አይቻለሁና አመንኩ። ያችን እንጨት ታቅፈው በባዶ እግራቸው አገር ያቋረጡ ሰው ናቸው፤ ምን ያድርጉ? እያልኩ፣ ዓመት በዓመት፣ ቀስ እያልኩ ይቅር አልኳቸው። ቀላል አልነበረም። እንደ ክላርኔቷ መዝለያ ቦታ፣ ደርሼ እየሰበርኩ፣ ደርሼ እየሰበርኩ ነው የተሻገርኩት።

ቡሬ ከተማ ተዛውሬ ከመጣሁ በኋላ አንድ የገበያ ቀን መናኸሪያው አጠገብ አገኘኋቸው። ለዘመድ ሠርግ መጥተው ኖሯል። አርጅተዋል። ሲያዩኝ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ልመታቸው መስሏቸው ሊቀበሉት እንደተዘጋጁ ሰው።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ?» አልኩ። እጄን ዘረጋሁ።

ሻይ ቤት ገባን። ከአራት ዓመት በላይ ያጠናሁትን ነገር እዚያ ተናገርኩት። «አውቃለሁ ጋሼ። ያስገደዱዎትን አውቃለሁ። ክላርኔቱን እንነጥቃለን እንዳሉዎትም ሰምቻለሁ። በኔ በኩል ይቅር ብየዎታለሁ። እርስዎም ይተዉት።»

ጋሼ ዘለቀ ሻያቸውን ያማስሉ ነበር። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን ማማሰላቸውን አላቆሙም። አዎ አላሉም፣ አይደለም አላሉም። በመጨረሻ፣ «ትንፋሽሽ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«የምነፋው የለኝም።»

«ትንፋሽ ካልተጠቀሙበት ይጠፋል። ዳገት ውጪ» አሉ፣ ተነሱ፣ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። እኔ ግን የዚያን ቀን ቀለል ብሎኝ ገባሁ። ትልቅ ሸክም ያወረድኩ መስሎኝ ነበር።

ለአርባቸው ከቡሬ በሚኒባስ ተነስቼ፣ በማንኩሳ አድርጌ፣ ረፋዱ ላይ ፍኖተ ሰላም ደረስኩ። ግቢው ሰው ሞልቶታል። ካህናቱ በልተው፣ ጸልየው፣ ሰው ሁሉ «ነፍስ ይማር» እያለ ሲበተን እትየ ይታይሽ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡኝ። በጣም ከስተዋል። ቁጭ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እኔም እንዳንቺ ነበር የማውቀው» አሉ። «አስፈራርተውት ነው ብየ ስንቱን ረግሜያለሁ። ሊሞት ሰሞን ነው የነገረኝ። ‹ለእሷም ንገሪያት፤ እኔ ቡሬ ላይ አፌን ያዘኝ› አለኝ።»

«ምኑን ነው የሚነግሩኝ?»

«ማንም አልጠየቀውም፣ ልጄ። ማንም ስምሽን አላነሳበት። የጠሩት የኪነት ክበቡን ያዝ፣ ለበዓሉ አዘጋጅ ሊሉት ነው። ሻይ አጠጥተው፣ ሲነፋ ሰምተንሃል ብለው አሞግሰው ነው የመለሱት። ክላርኔቱ የማነው ያለ እንኳ የለም።»

«ታዲያ ለምን?»

እትየ ይታይሽ የባላቸውን ቃል ለመያዝ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «‹ዐሥር ዓመት መዝገብ ቤት ስቀመጥ ሰው መሆኔን ያየ አልነበረም› አለኝ። ‹የዚያን ቀን አዩኝ። ነገ ደግሞ ይተዉኛል ብየ ፈራሁ። የምሰጣቸው ነገር ፈለግሁ። በጄ የነበረው የልጅቱ ቃል ብቻ ነው።› እንዲህ ነው ያለኝ።»

ከውጭ የዕቃ አጣቢዎቹ ድምፅ ይሰማ ነበር። ያ ከቢሮው ሲመለሱ ያየሁት ፊት የፍርሃት መስሎኝ ነበር ለካ። ፈርተው አልነበረም። አስበው ነበር።

«ቡሬ ሻይ የጋበዝሽው ቀን እራት አልበላም» አሉ እትየ ይታይሽ። «አሞት መስሎኝ ነበር። ምን እንደሆነ የነገረኝ ሊሞት ሰሞን ነው። ‹ይቅር ያለችው ሌላ ሰውን ነው፤ እኔን አይደለም› አለኝ። ያን እያወቀ ነው ዝም ብሎሽ የሄደው።»

ከዚያ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እንግዲህ ይቅር በይው፣ ልጄ። አፈር ሆኗል።»

ዋሽቼ እሺ ልል ነበር። በዚያ ቀን፣ በዚያ ቤት፣ ሌላ ነገር አይባልም። አፌ ግን እምቢ አለኝ።

«የድሮውን ቡሬ ላይ ይቅር ብያቸዋለሁ፣ እትየ» አልኩ። «ይሄኛውን ገና አሁን ሰማሁት።»

ይለምኑኛል ብየ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን እጄን ይበልጥ አጥብቀው ያዙት።

«እውነትሽን ነው» አሉ። «እኔም ገና ነኝ።»